እንደ ውሃ የሚያነቡ ልጆች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳቦ አስቆረሱኝ፤ «እንግዲህ ይረፉ እትዬ አስካለ» ብለው ሸኙኝ። ማረፍም ለካ እንደ ሥራ የሚለመድ ነገር ነው። ቤታችን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጀርባ፣ ሳስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት አጠገብ ስለሆነ ደወሉ ጎላ ብሎ ይሰማኛል። ደወሉ ሲጮህ እግሬ ጫማውን ይፈልጋል። ባለቤቴ ተሾመ፣ እሱም ጡረተኛ ሾፌር ነው፣ «ሴትዮ፣ ነገ ደግሞ ሰልፍ ላይ ቆመሽ እንዳላገኝሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ትንንሾቹን ብቻ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን፣ ሳስተምር ኖሬ አሁን ከጠዋት እስከ ማታ ምስር መልቀም ጭንቀት ለቀቀብኝ።

እንዲህ እያለሁ ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። ከቢስቲማ ከተማ ቁልቁል፣ ቆላው ውስጥ፣ መምህር ያጡ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ፈቃደኛ የሆኑ ጡረተኞች ለሦስት ወር እንዲያግዙ ይጠይቃል። ደመወዝ የለውም፤ ማደሪያና እህል ከወላጆች ነው። ተሾመ ይህን ሲሰማ ሳቁን አቆመ።

«የደም ግፊትሽስ?»

«ኪኒኔን እይዛለሁ።»

«ሙቀቱስ? ወባውስ? አስካለ፣ ጡረታ እኮ ቁጭ ብሎ መጦር ነው።»

«ሦስት ወር ነው ተሾመ። ሠላሳ ስድስት ዓመትም አልፏል።»

በአፌ እንዲህ ልበል እንጂ ፈርቼ ነበር። ፈሪ ነኝ፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ። በየመስከረሙ ክፍል ከመግባቴ በፊት ደጅ ቆሜ ደብተሬን ደጋግሜ እገልጥ ነበር። ተሾመ ይህን ስለሚያውቅ ነው «ሂጂ» ብሎ አፉን ሞልቶ ያልሸኘኝ።

ያኔ በወጣትነቴ፣ መምህር ስሆን መጀመሪያ የተመደብኩት ገራዶ ነበር። እዚያ ጋሽ ደምሴን አገኘሁ። ጋሽ ደምሴ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተው የመንግሥት መምህር የሆኑ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው ኪስ የጠመኔ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ዋናው መሣሪያቸው አንዲት ቁራጭ ካርቶን ናት። መሐሏ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አላት። ልጁ ገጹን አንበልብሎ ሲጨርስ ካርቶኗን መጽሐፉ ላይ ያስቀምጡና ከታች ወደ ላይ፣ ከዳር ወደ መሐል እየዘለሉ አንዳንድ ፊደል ይጠይቁታል።

«ሀሁን የሚያወርድ ሁሉ ፊደል አወቀ እንዳትዪ» ይሉኝ ነበር። «የኔታ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስተምሩን ለምን ይመስልሻል? ፊደሉን በታትነው ካላሳዩት ልጅ በዜማ ነው የሚሸመድደው። የወሎ ልጅ ደግሞ ዜማ አያጣም። ክርስቲያኑ ውዳሴ ማርያሙን፣ ሙስሊሙ ቁርአኑን ጥርሱን ሳይነቅል ይዞ ነው የሚመጣልሽ። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ከሰማ በቃው። ስለዚህ ልጅ ሲያነብ አፉን አትይ፤ ዓይኑን እይ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ልጅ አንድ ቃል ላይ ሲቆምባቸው አያቀብሉትም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና የውጭውን ባሕር ዛፍ እያዩ ዝም ይላሉ። አንዳንዴ ዝምታው በጣም ይረዝማል። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ፤ «ምናለ ቢነግሩት» እላለሁ በሆዴ። ልጁ በመጨረሻ ቃሉን ሲያገኘው ዞር ብለው «እሺ፣ ቀጥል» ብቻ ይሉታል። አያጨበጭቡም፤ ጎበዝም አይሉም።

ኮምቦልቻ ስዛወር ይህን ሁሉ ረሳሁት። ርዕሰ መምህራችን ድምፅ የሚወድ ሰው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ክፍል ይዞት ይመጣል፤ ልጆቼ በአንድ አፍ ሲያነቡ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። «የአስካለ ክፍል!» ይባልልኛል። ወጣት ነበርኩ፤ ሙገሳው ጣመኝ። ከጋሽ ደምሴ አይቼ የሠራኋት ካርቶንም መሳቢያ ውስጥ ቀረች። ከእነዚያ ልጆች መሐል ፊት መሪዬ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረች። የንባብ ሽልማቷን በእጄ ሰጥቻታለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሰዓዳ አግብታ፣ ልጅ አዝላ ቤቴ መጣች። ጅዳ ያለው ወንድሟ ደብዳቤ ልኮላት ኖሯል። «እትዬ፣ ያንብቡልኝ» ብላ ዘረጋችልኝ። የምትቀልድ መስሎኝ «አንቺው አታነቢውም?» አልኳት።

«ኧረ እኔ! መች አውቄው» አለች እየሳቀች። «እኔ እኮ ሰምቼ ነበር የምይዘው። እርስዎ ደስ ሲልዎት እኔም ደስ ይለኝ ነበር።»

ቂም አልነበራትም። ቂም ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤውን አነበብኩላት፤ መርቃኝ ሄደች። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሌሎቹስ ስንቶቹ ናቸው ብዬ እስከ ዛሬ እጨነቃለሁ፤ ማወቂያም የለኝም። በማግሥቱ የሳሙና ካርቶን ቆርጬ ቀዳዳ አወጣሁለት። ክፍሌ ከዚያ ወዲህ ጸጥ ያለና ቀርፋፋ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ «አስካለ ደከመች» አለ ሲሉ ሰማሁ። ደሴ ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣም እንዲያው ቀርፋፋ እንደሆንኩ ቀጠልኩ።

ወደ ቆላው የወረድኩት በየካቲት ነው። እስከ ቢስቲማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእህል ጫኝ አይሱዙ፣ ከዚያ በእግር። የቀበሌዋን ስም ብተወው ይሻላል። በሁለት ወንዞች መካከል ያለች፣ ግራርና ማሽላ የሞላባት ቦታ ናት። ሊቀበሉኝ የወጡት ሸህ ሁሴን ነበሩ። የልጆቹ የቁርአን አስተማሪ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። አህያ ይዘው መጥተው ሻንጣዬን ጫኑልኝ። ነጭ አሸዋ ብቻ የሞላበት ሰፊ ሸለቆ ስንሻገር «ወንዙ የታለ?» አልኳቸው።

«እየረገጡት ነው እትዬ። አሁን ተኝቷል» አሉኝ። «ሲነሳ ግን አላህ ያሳየዎታል። በሁለቱም በኩል ይከብበንና ደሴት እንሆናለን። አብሽሩ፣ ሰው ለምዶታል።»

ሰው ይልመደው እንጂ እኔ መቼ እለምደዋለሁ አልኩ። ማደሪያዬ ከክፍሉ ጎን ያለች አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች። ጫማዬን ሳላራግፍ አላጠልቅም፤ ጊንጥ አለ ብለውኛልና። ስልክ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኩይሳ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። እኔ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ የምስጥ ክምር ላይ ቆሜ «ደህና ነኝ» እያልኩ ለተሾመ እጮሃለሁ። ልጆቹ ከታች ሆነው «ደህና ነኝ!» ብለው ይደግሙታል፤ ድምፄን ሳይቀር ቁጭ አድርገውት።

በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛ ክፍሎቹን አስነበብኩ። አሥራ ሦስት ናቸው። ያላቸው መጽሐፍ አንድ፣ እሱም ሽፋኑ የለቀቀ ነው። ሀያት የምትባል ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ ተነስታ ስለ ንብ የሚያወራውን ገጽ እንደ ውሃ አወረደችው። እዚህ አስተምሮ የሄደውን መምህር እግዚአብሔር ይባርከው ልል ስል አንዲት ፍየል በበሩ ገባች። የሀያት ዓይን ፍየሏን ተከትሎ እስከ ጥግ ሄደ፤ አፏ ግን ስለ ንቧ መናገሩን አላቋረጠም።  መጽሐፉን ተቀብዬ ሌላ ገጽ ገልጬ ሰጠኋት። ስለ ንቧ ቀጠለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የማያውቀው ልጅ የለም፤ አሥሩ ግን «በ»ን ከ«ሰ» አይለዩም። ለካ ከእኔ በፊት የነበረው መምህር መጽሐፉ አንድ ስለሆነበት እሱ እያነበበ እነሱ ሲቀበሉት ነው ሁለት ዓመት የቆዩት።

ይህ ብቻ ቢሆን እሺ። ሸህ ሁሴን ደግሞ የሚያስጨንቀኝን ነገር ነገሩኝ። በግንቦት የወረዳው ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ልጆቹ ካነበቡ ቋሚ መምህር ይመደባል። ካላነበቡ ትምህርት ቤቱ ይታጠፍና ልጆቹ ወንዝ ማዶ ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ያ ወንዝ ምን እንደሆነ ያየሁት በመጋቢት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንድ ደመና ሳይኖር፣ ከደጋው የወረደ ጎርፍ እያጉረመረመ መጣና ያንን ነጭ አሸዋ ዋጠው። ግንድ ይዞ ያልፍ ነበር። አራት ቀን ተከበብን። የሀያት እናት ዘምዘም ዳሩ ላይ አጠገቤ ቆማ፣ «ይኸውልዎት። እኔ ልጄን ይህን አላሻግራትም። ትምህርት ቤቱ ከታጠፈ ቤት ትቀራለች፤ ቤት የቀረች ሴት ልጅ ደግሞ መጨረሻዋ መዳር ነው» አለችኝ።

ካርቶኔን አወጣሁ። ገጹን ፊደል በፊደል በተንኩት። ቃላቱን ቆራርጬ አሸዋ ላይ ጻፍኩ። እና የፈራሁት ደረሰ፤ ልጆቹ መንተባተብ ጀመሩ። እንደ ውሃ ያወርዱት የነበሩት ልጆች አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርሱ ፀሐይ ትዞራለች። ወላጆች በመስኮት ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ዘምዘም ከማሳ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«እትዬ፣ ሐቁን ልንገርዎት። ልጄ እርስዎ ሳይመጡ ታነብ ነበር። ሰርግ ቤት ሳይቀር ታነብልን ነበር። አሁን ተብታባ አደረጉብኝ።»

«ዘምዘም፣ ያኔ ታነብ አልነበረም እኮ። በቃሏ ይዛው ነው።»

«ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! መጽሐፉን ይዛ!»

ምን ብዬ ላስረዳት? ፊደል ለማያውቅ ሰው የተሸመደደና የተነበበ በጆሮ አንድ ነው፤ እንዲያውም የተሸመደደው ያምራል። ያን ሰሞን እህሉን አልከለከሉኝም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ግን ሲያመጡልኝ አይቀመጡም፤ በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ኩይሳው ላይ ወጥቼ ለተሾመ «ደህና ነኝ» እላለሁ። እውነቴን አልነበረም። ፊደሉ ሳይገባቸው፣ የያዙትም ዜማ ተበላሽቶባቸው ሁለቱንም አሳጥቻቸው ብሄድስ? የሚለው ሐሳብ እህል አላስበላ አለኝ። ግፊቴም ከፍ አለ መሰለኝ፣ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር።

ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ሸህ ሁሴን ቤት ወዳጃ ተጠራ። ወዳጃ እንግዲህ የኛ የወሎዎች የጋራ ጸሎት ነው፤ ችግር ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል፤ ክርስቲያን ነሽ ተብሎ የሚቀር የለም። ሸህ ሁሴን «የሚመጣውን እንግዳ ልቡን አራራልን» ሲሉ «አሚን» አልን። «ወንዙን አስተኛልን» ሲሉ «አሚን» አልን። ዘምዘም ከእኔ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ሰው ሲበተን ሸሁ በእጃቸው ጠሩኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የዚያን ዕለት ልጆቹን እንደ ድሮው ይልቀቋቸው። አንዲት ቀን ናት። መምህሩ ይመደብልን፤ ፊደሉን ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ያስተምራቸዋል።»

«ሸህ ሁሴን፣ አንድ ልጅ ቁርአኑን በልቡ ይዞ ሐርፉን፣ ፊደሉን ሳይለይ ቢመጣብዎት ቁርአን አወቀ ብለው ያሳልፉታል?»

 «አላሳልፈውም» አሉ። «ግን እኔን የሚዘጋኝ ሱፐርቫይዘር የለም።»

 ሐሳባቸው ለካ የእኔም ሐሳብ ነበር። ልጆቹ ያንበልብሉት፤ ቋሚ መምህር ይምጣ፤ እኔም ደሴዬ ልግባ። ማን ይጎዳል? ሻንጣዬን በዚያው ቀን አሰርኩት።

ሱፐርቫይዘሩ ማክሰኞ ጠዋት ወንዙን ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተሻግሮ መጣ። ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ወላጆች በሩን ሞሉት። መጽሐፉን አንስቶ ገለጠና መጀመሪያ አንዱን ልጅ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን አስነሳ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ሲያዩ ወደ ድሮው ተመለሱ፤ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው አወረዱት። ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ አለ። ሸህ ሁሴን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ዝም አልኩ። አዎ፣ ሦስቱም ልጆች እስኪጨርሱ ዝም አልኩ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሱፐርቫይዘሩ ወደ እኔ ዞሮ «በእውነት ያኮራል፣ እትዬ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያልቻልኩት። ያንን ሙገሳ ኮምቦልቻ ጠግቤዋለሁ።

«ልጄ፣ መጽሐፉን አስቀምጠው» አልኩት። «መጽሐፉን በቃላቸው ይዘውታል። ማወቅ ከፈለግክ ራስህ ሰሌዳው ላይ ጻፍላቸው።»

በሩ ላይ የተነሳውን ጉርምርምታ አልረሳውም። ሱፐርቫይዘሩ ፈገግታው ጠፋ፤ ጠመኔ አንስቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ከአሥራ ሦስቱ አራቱ ብቻ እየወደቁ፣ እየተነሱ ተወጡት። ሌሎቹ መሐል ላይ ቀሩ። ሀያት ተራዋ ሲደርስ በድንጋጤ አንድ ፊደል አልወጣትም፤ ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመች ቀረች።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?» አለኝ። መልሴንም ሳይጠብቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ቅጹን አወጣና መጻፍ ጀመረ።  የብዕሩ ድምፅ ይሰማኛል። ያጠፋሁት እኔ፣ የምትቀጣው የዘምዘም ልጅ፤ ይህን እያሰብኩ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል ነው ቀጭኗ ድምፅ የተሰማችው።

«ት… ም… ህርት… ቤቱ…»

ሀያት ናት። አንገቷን ቀልሳ፣ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ፣ በጣቷ ጠረጴዛውን ይዛ። ሱፐርቫይዘሩ ልብ አላላትም፤ ይጽፋል።

«ታ… ጥ… ፎ… ታጥፎ። ተማ… ተማሪ…ዎቹ… ወን… ወንዝ… ማዶ…»

«ምን አለች?» አለች ዘምዘም ከበሩ።  ሸህ ሁሴን «ያ አላህ» ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነና ልጅቷን ቀና ብሎ አያት።

«ማን ነገረሽ?»

«እዚህ ላይ አለ» አለች፣ ጣቷን እጁ ሥር ለማስገባት እየሞከረች። «አንተ ነህ የጻፍከው።»

 ወጣት ነው፤ ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ አወጣ። ጥቂት ጻፈ። አልፈረመም፤ ወረቀቱን ወደ ሀያት ገፋው። «እስቲ ይህንንስ?»

ዕጣችንን ሁላችንም ከዚያች ልጅ አፍ፣ ፊደል በፊደል ጠበቅነው።

«ትምህርት ቤቱ… ለአን… ለአንድ ዓመት… ይ… ቆይ። በጎ… ፈቃ… ደኛዋ… መምህርት… ከ… ከቀ…» ቆመች። ወደ እኔ ዞረች፤ ግንባሯ ላብ ብሏል። እኔ ቃሉን ገና ሳትደርስበት ገብቶኝ ነበር፤ ብነግራት ይቀለኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። ተመልሳ ጎነበሰች። «ከ… ቀ… ጠ… ሉ። ከቀጠሉ!»

በደስታ ሳቀች፤ ምን እንዳለች ሳይሆን ስለጨረሰችው። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዘምዘም ከሰው መሐል ወጥታ መጣችና ከፊቴ ቆመች። «ልጄ አነበበች» አለች ቀስ ብላ። «ማንም ያልነገራትን አነበበች። እትዬ፣ ይቀጥላሉ ወይ?»

 ተሾመን አሰብኩት፣ ብቻውን ቁርሱን ሲያሞቅ። ግፊቴን አሰብኩት፣ ሙቀቱን፣ የሚሞላውን ወንዝ። ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን ዘረጋልኝና «ከሥር ይጻፉልኝ፣ እትዬ። ወረዳው የእርስዎን ቃል ይፈልጋል» አለኝ። ተነስቼ ጠረጴዛው ላይ ጎነበስኩ።  ምን እንደምጽፍ፣ እውነቴን ነው፣ ገና አልቆረጥኩም ነበር። «እ» ብዬ ጀመርኩ።

«እ…» አለች ሀያት ከክንዴ ሥር።

«ቀ» ጻፍኩ። እጄ ቆመ። 

«እቀ…» አለች። ብዕሬን አየች፤ ፊቴን አየች፤ ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ከዚያ እየጮኸች ጨረሰችው፦ «እቀጥላለሁ!»

ገና ያልጻፍኩትን አነበበችብኝ። በሩ ላይ እልልታው ቀለጠ። እኔም ጎንበስ ብዬ የቀሩትን ፊደሎች ጻፍኳቸው።